የኳየር የልምምድ ካምፕ፦ ከምዝገባ እስከ ሰኞ ጠዋት

አንድ የአጥቢያ ኳየር በሳምንት አንድ ምሽት ይለማመዳል እንበል። ልምምዱ ለ11:30 ይጠራል። የታክሲ ሰልፉ፣ የሥራው መዘግየት፣ አንዳንዴም ዝናቡ ተደማምሮ ሰው የሚሞላው 12:15 ላይ ነው። ጸሎት ተደርጎ፣ ማስታወቂያ ተነግሮ፣ ድምፅ ተሟሙቆ ለዝማሬ የሚተርፈው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ከአርብ ማታ እስከ እሁድ ከሰዓት የሚቆይ ካምፕ ግን በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የተጣራ ልምምድ ይወጣዋል፤ ከሁለት ወር በላይ የሚሆን ሥራ ማለት ነው። ከገና ወይም ከፋሲካ ፕሮግራም በፊት ኳየሮች ፍራሽና ኪቦርድ ጭነው ከከተማ የሚወጡት ለዚህ ነው።

ይህን የምጽፈው ለተራው ዘማሪ ነው፤ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ። ለምሳሌ የያዝኩት 40 ሰው ገደማ ያለው የአዲስ አበባ የወንጌላውያን ኳየር ሲሆን የሚሄደውም ቢሾፍቱ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራንም ሆኑ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚዘምር የአማተር ቡድን አብዛኛውን ሊጠቀሙበት ይችላሉ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ካምፕ መዝሙር የሚጠናበት ቦታ አይደለም። የራሱን ድምፅ ቤቱ አጥንቶ የመጣ ሰው የሌላውን መስማት የሚለማመድበት ነው። ሳያጠና የመጣ ዘማሪ ሌሎቹን 39 ሰዎች ቁጭ አድርጎ ያስጠብቃል።

1. ከመመዝገባችሁ በፊት

ስማችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት አስተባባሪውን ጠይቁ፦ የትኞቹ መዝሙሮች ይሠራሉ? እሁድ ስንት ሰዓት ላይ እንመለሳለን? መኝታው አልጋ ነው ወይስ ፍራሽ? ክፍያው ምግብንና ትራንስፖርትን ይጨምራል? ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ዝርዝሩ ላይ 10 እና 12 መዝሙር ከተደረደረ አንዱም በቅጡ አይጠናቀቅም፤ "ከየትኛው እንጀምር?" ብሎ የሙዚቃ ክፍሉን መጠየቅ ነውር የለውም።

ገንዘብ ካጠራችሁ ለገንዘብ ያዡ በጊዜ፣ ለብቻ ንገሩት። ብዙ ጊዜ የሚሸፍን ሰው አይጠፋም። "አሞኛል" ብሎ በመጨረሻው ሰዓት መቅረት ግን የድምፅ ክፍሉን ያጎድላል፤ የመኪናውና የምግቡ ሒሳብም በሌሎቹ ላይ ይወድቃል።

ከወላጆቿ ጋር የምትኖር እህት ካለች መሪዋ ራሱ ለቤተሰቧ ቢደውል ብዙ ነገር ይቀላል። "እማማ፣ እንደምን ዋሉ? አርብ ወጥተን እሁድ 11 ሰዓት ላይ ቤት ድረስ እናመጣታለን" የሚል አንድ ስልክ ከአሥር የጽሑፍ መልእክት ይሻላል። የመሪውና የማረፊያ ቦታው ስልክ ቤት ይቀመጥ።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን የምትሠሩ ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሙሉውን መቆየት ካልቻላችሁ አርብ መጥታችሁ ቅዳሜ ማታ መመለስ ቅዳሜ ከሰዓት ከመድረስ በእጅጉ ይሻላል፤ የቅዳሜ ጠዋቱ ሥራ ለዘገየ ሰው ተመልሶ አይሠራም።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ልበል። ሐዋሳ ያምራል፤ ግን ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሁለት ቀን ላይ መንገዱ ሲቀነስ የሚቀረው ትንሽ ነው። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ስለሆነ የሌሊቱ ብርድ ለጉሮሮ አይመችም። 45 ኪሎ ሜትር የሚርቀው፣ ከአዲስ አበባ ዝቅ ብሎ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ቢሾፍቱ ተመራጭ የሆነው በሐይቆቹ ብቻ አይደለም። በኅዳር የምትሄዱ ከሆነ ግን የአድአ ጤፍ የሚወቃበት ጊዜ ስለሆነ አቧራና ገለባ የሚያስነጥሳችሁ ሰዎች መድኃኒታችሁን አትርሱ።

2. ድምፃችሁን ቤት ጨርሱ

ብዙዎቻችን ኖታ አናነብም፤ የምንማረው በጆሮ ነው። ስለዚህ የሙዚቃ ክፍሉ የሶፕራኖ፣ የአልቶ፣ የቴነርና የቤዝ (ከቀጭኑ የሴት ድምፅ እስከ ወፍራሙ የወንድ ድምፅ ያሉት አራቱ ክፍሎች) ቅጂዎችን ለየብቻ በቴሌግራም ይለቃል። ካልለቀቀ ጠይቁ፤ አንድ ጎበዝ አልቶ በስልኳ ቀድታ ብትልክም ይበቃል። ካምፑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጀምሩ።

በመጀመሪያ ሳትዘምሩ ስሙ፤ ታክሲ ውስጥም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ግጥሙን በእጃችሁ ጻፉ። ግሩፑ ላይ የተለቀቀውን ፎቶ ማንበብና በራስ እጅ መጻፍ አንድ አይደሉም፤ ሲጻፍ ቃሉ ይያዛል፣ የተዛባ ስንኝም ካለ ይታያል። ትንፋሽ የምትወስዱበትን ቦታ በእርሳስ አመልክቱ። በእስክሪብቶ አይሁን፤ መሪው ቅዳሜ ጠዋት ይለውጠዋል።

ከቅጂው ጋር ስትዘምሩ ከመጨረሻው አንቀጽ ጀምሩ። ሁላችንም ከመጀመሪያው ስለምንጀምር የመጀመሪያው አንቀጽ እንደ ውኃ ይጠጣል፤ መጨረሻው ላይ ግን ሰው ሁሉ ጎረቤቱን ማየት ይጀምራል።

ቀጥሎ የሚመጣው እውነተኛው ፈተና ነው። አልቶ ከሆናችሁ የሶፕራኖውን ቅጂ ክፈቱና የራሳችሁን ዘምሩበት። ቴነሮችም እንዲሁ። ዜማውን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሶፕራኖ ስለሆነ መካከለኞቹ ድምፆች ሳያውቁት ወደዚያ ይጎተታሉ። ከተጎተታችሁ ገና አልያዛችሁትም። ይህን ካለፋችሁ ያለ ምንም ቅጂ ዘምራችሁ በስልክ ቅዱና ስሙት። የራስን ድምፅ መስማት ደስ አይልም፤ ግን መሪው ከሚነግራችሁ በፊት ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

መዝሙሩ በየትኛው ቅኝት እንደተሠራም እወቁ። ትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ግማሽ ድምፅ (በሁለት ኖታዎች መካከል ያለው ትንሹ ርቀት) ስለሌለው ሐርመኒ በቀላሉ ይቀበላል። አምባሰል ከመነሻው ድምፅ ወደ ሁለተኛው የሚሄደው በግማሽ ድምፅ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ሰፋ አድርጎ የሚረግጥ ሰው ቅኝቱን ያፈርሰዋል። ከሁሉ አስቸጋሪው አንቺሆዬ ነው፦ ከመነሻው ድምፅ አምስተኛው ላይ የለመድነው "ሶል" የለም፤ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። በልማድ ወደ "ሶል" የሚሄድ ቤዝ ከቅኝቱ ውጭ ይወድቃል፤ ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆንም አንድ ነገር ይጎረብጣል። ቅኝቱን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች በማንጎራጎር ጆሮን ማስለመድ ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ ይረዳል።

3. ሻንጣ

ሹራብና ጋቢ ያዙ፤ ሐይቅ ዳር ማታ ይነፍሳል። አንሶላ፣ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ የውኃ ጠርሙስ፣ የዘወትር መድኃኒት። የመዝሙር ደብተራችሁ በወረቀት ይሁን፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ቴሌግራምም ሲከፈት ዓይን ወደ ሌላ ይሄዳል። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ጣል አድርጉበት፤ ከቤዞቹ መካከል የሚያንኮራፋ አይጠፋም። ሽቶ ግን ቤት ይቅር። 40 ሰው በአንድ አዳራሽ በጥልቅ ሲተነፍስ የአንዱ ሽቶ የሁሉ ሳል ይሆናል።

ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመንገድ ጥሩ ነው። ልምምድ ሊጀመር ሲል ግን አትቃሙ፤ ፍርፋሪው ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያስላል።

የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ከኅዳር 15 በኋላ የምትወጡ ከሆነ የነቢያት ጾም ላይ ናችሁ፤ ለማረፊያ ቦታው ወጥ ቤት አስቀድማችሁ ተናገሩ።

4. መንገድ ላይ

ድምፅ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዝማሬ አይደለም፤ በመኪና ውስጥ ጨዋታ ነው። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ኮስተር ተሳፍሮ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ከበሮ እየተመታ፣ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ እየተጠራራ ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ይዞ ቢሾፍቱ የደረሰ ኳየር ገና ሳይጀምር ግማሽ ድምፁን ከፍሏል። መዘመሩ አይከለከልም፤ ካምፕ ያለሱ አያምርም። ዝቅ ባለ ኪይ ዘምሩ፣ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ብቻ አውሩ፣ አቧራ ባለበት መስኮት ዝጉ።

ውኃ መጠጣትም እዚህ ይጀምራል። የምንጠጣው ውኃ የድምፅ አውታሮችን በቀጥታ አይነካቸውም፤ ወደ ሆድ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። የሚያረጥባቸው በሰውነት ውስጥ ከተሰራጨ በኋላ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት ለሚዘመረው አርብ ከሰዓት ጀምሮ ነው የሚጠጣው። መድረክ ላይ የምትጎነጯት አፍን ታርሳለች፤ ከዚያ አታልፍም።

5. አርብ ማታ

መኝታችሁን ያዙ፣ እራት ብሉ። ማታ የሚደረገው ልምምድ አጭር ይሁን፤ ሁሉንም መዝሙር አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ መዘመር ይበቃል። እናንተም የተሰናከላችሁበትን ቦታ በደብተራችሁ ላይ አስምሩ፤ ነገ የምትጠይቁት እሱን ነው። የካምፑ ደንብ ሲነገር አድምጡ፤ የወንዶችና የሴቶች መኝታ፣ የመኝታ ሰዓት፣ ከግቢ መውጣት። ዋና የማትችሉ ደግሞ ብቻችሁን ወደ ሐይቁ አትውረዱ፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፣ ከዳሩ ብዙም ሳይርቅ ይጠልቃሉ።

6. ቅዳሜ

12:30 መነሣት፣ 1:00 ቁርስ፣ 2:30 ማሟሟቂያ። ፍርፍር ከሆነ በልክ ብሉ፤ በጣም የጠገበ ሆድ ድያፍራምን (ከሳንባ በታች ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ያጨናንቃል።

ማሟሟቂያውን እንደ ሥርዓት ማሟያ አትዩት። ከንፈር እያርገበገቡ ከታች ወደ ላይ መውጣትና መውረድ፣ አፍ ዘግቶ "ምምም" ማለት፣ ከዚያ በተከፈቱ ድምፆች። ስትሮ ካላችሁ ግማሽ ድረስ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ አስገብታችሁ በእሱ በኩል ድምፅ ማውጣት አውታሮቹ ላይ ጫና ሳያበዛ ያፍታታል፤ መልኩ ያስቃል፣ ይሠራል። ከፍተኛው ኖታ ላይ ከመሞከር የሚጀምር ሰው ከምሳ በኋላ ይዘጋዋል።

ቀጥሎ አራቱ ክፍሎች ይለያያሉ። ሶፕራኖ አዳራሽ፣ አልቶ ምግብ ቤት፣ ቴነርና ቤዝ ዛፍ ሥር። የካምፑ ወርቃማ ሁለት ሰዓት ይህ ነው። አርብ ያሰመራችሁበትን ጠይቁ። በሳምንቱ ልምምድ ላይ 40 ሰው ፊት ማፈር የከለከላችሁን ጥያቄ እዚህ 10 ሰው መካከል ማንሳት ይቀላል።

ከኖታው በላይ የምትሠሩት ግን ቃሉን ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። አማርኛ ሲዘመር ቀድሞ የሚፈርሰው ሳድስ ነው። "ክብር" በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ረጅም ኖታ ቢያርፍ አንዱ ወደ "ኪ" ይወስደዋል፣ አንዱ ወደ "ኩ"፣ ሌላው "ከ" ይላል። ኖታው አንድ ሆኖ ድምፁ ሦስት ይሆናል፤ ሰሚውም "ከቅኝት ወጡ" ይላል። አንድ ሰው ይዘምር፣ ሌሎቹ የአፉን ቅርጽ አይተው ይከተሉት።

ጸ፣ ጠ፣ ጨ፣ ቀ ደግሞ የሚፈነዱ ናቸው። "ጸጋህ" ሲባል አሥር ሰው በአሥር የተለያየ ቅጽበት ካፈነዳው ጠጠር የተበተነ ይመስላል። ተነባቢውን ከምቱ ጥቂት አስቀድማችሁ አናባቢው ምቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። "ኢየሱስ" ሲያልቅ የምትመጣው "ስ" ከሁሉ ታስቸግራለች፤ የቸኮለ አንድ ሰው ከአዳራሹ ዳር ይሰማል። መሪው የሚዘጋበትን ምት ይቁጠር፤ ካልሆነም ከየክፍሉ ሁለት ሰው ብቻ "ስ" ይበል፣ የቀረው አናባቢው ላይ ዝም ይበል። የሚጠብቅና የሚላላም አለ፦ "ይሰማል" ሲላላ ጌታ ጸሎትን ይሰማል፤ ሲጠብቅ ግን ሌሎች እሱን የሚሰሙት ይሆናል። ግማሹ አጥብቆ ግማሹ አላልቶ ከዘመረ ምን እንደተባለ የሚያውቅ የለም።

ረጅም ሐረግ ላይ በተራ ተንፍሱ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ጎረቤታችሁ በሚተነፍስበት ቦታ አትተንፍሱ፣ ስትመለሱም ኖታው ላይ በዝግታ ግቡ እንጂ በጉልበት አትመቱት።

ከሻይ በኋላ ሁሉም ይገናኛል። ሌላው ክፍል ሲታረም ስልክ አትንኩ፤ የእነሱን መስመር እየሰማችሁ የራሳችሁን በልባችሁ ዘምሩ። እርማት ካላችሁ በክፍል ተጠሪያችሁ በኩል አስነግሩ፤ አጠገባችሁ ያለውን "አንተ ነህ የሳትከው" ማለት ልምምዱን ለሩብ ሰዓት ያቀዘቅዘዋል። መሪያችሁ ፈቃደኛ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ክፍሎቹን ቀላቅሎ ያቁማችሁ፤ ከግራ ሶፕራኖ፣ ከቀኝ ቤዝ ይዞ አልቶውን መዘመር የቻለ ሰው በማንኛውም መድረክ አይናወጥም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ግን ያሳፍራሉ።

መብራት ከጠፋ አትዘኑ፤ ኪቦርዱ ዝም ሲል እርስ በርስ መሰማማት ግድ ይሆናል። አንድ ሰው መነሻውን ኖታ በስልክ ይስጥ፣ መዝሙሩ ሲያልቅም እንደገና ያሰማ። ኳየር ያለ መሣሪያ ሲዘምር ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ዜማዎችን አስፍቶ መርገጥ፣ ድካም፣ የታፈነ አዳራሽ ምክንያቶቹ ናቸው። መስኮት መክፈትና ቆሞ መዘመር ብቻውን ብዙ ያነሣዋል።

ከምሳ በኋላ ተኙ። ከቻላችሁ ሙሉ ሰዓት። የከሰዓቱን ልምምድ ድምፃችሁን በግማሽ ቀንሳችሁ ብትዘምሩትም መሪውን አሳውቁ እንጂ አትፈሩ፤ ኖታ ሲደጋገም ሙሉ ድምፅ አያስፈልግም።

7. የቅዳሜ ምሽት

እራት፣ ምስክርነት፣ ጨዋታ፣ እሳት። አብሮ መዘመር የሚሰምረው አብሮ ከሳቁ ሰዎች ጋር ስለሆነ ይህን ምሽት ክፍል ውስጥ ተዘግታችሁ አታሳልፉት፤ አዲስ ከሆናችሁ በተለይ። ጭሱ ወደማይነፍስበት ጎን ተቀመጡ፤ ቡና ተፈልቶ ዕጣን ከተጨሰም እንዲሁ። ከጩኸት ውድድር ግን ራቁ። ድምፃችሁ የደከመ ከመሰላችሁ ዝቅ ባለ መደበኛ ድምፅ አውሩ፤ ማንሾካሾክ ያሳርፋል የሚባለው እውነት አይደለም፣ ብዙ ሰው ሲያንሾካሽክ ጉሮሮውን ያጨናንቃል። ከ4:30 በኋላ የሚያወራውን ሰው በትሕትና አስተኙት።

8. ድምፅ ቢዘጋ

ጥሬ እንቁላል የሚያመጣላችሁ አይጠፋም። አመስግናችሁ አስቀምጡት፤ የሚዋጥ ነገር የድምፅ አውታር አይደርስም። የዝንጅብል ሻይ በማር ጉሮሮን ያስታግሳል፣ ያን ያህል ነው። የሚረዳው ዝምታ፣ ውኃና የሞቀ ውኃ እንፋሎት ነው። ጉሮሮ ደጋግሞ መጥረግ አውታሮቹን ያጋጫል፤ በምትኩ ምራቅ ዋጡ ወይም ውኃ ተጎንጩ። የተዘጋበት ሰው አይዘምር፤ ወረቀቱን ይዞ አዳራሹ ኋላ ይቀመጥና የሰማውን ይጻፍ፤ መሪው ፊት ለፊት ቆሞ የማይሰማውን እሱ ይሰማል። ጉንፋን ሳይኖር ሻካራነቱ ከ3 ሳምንት ካለፈ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

9. እሁድ

ብዙ ኳየሮች ጠዋት በአቅራቢያው ባለ አጥቢያ ያገለግላሉ። ጥሩ ልምድ ነው፤ የማያውቃችሁ ጉባኤ ፊት የተዘመረ መዝሙር ሐቁን ያወጣል። ለዚያ የሚሆኑ ሁለት መዝሙሮች ብቻ ይመረጡ፣ የበሰሉት። ከምሳ በፊት ሁሉንም መዝሙር ያለ ወረቀት፣ ያለ ማቋረጥ አንድ ጊዜ ዘምሩ፤ አንድ ስልክ ከመሪው ጀርባ፣ ሌላ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ይቅዳ። የፊቱ ቅጂ የየሰዉን ስሕተት ያሳያል፣ የኋላው ደግሞ ሕዝቡ የሚሰማውን ሚዛን።

ከመሄዳችሁ በፊት አዳራሹን ጥረጉ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሱ፣ ወጥ ቤት የሠሩትን እናቶች አመስግኑ።

10. ሰኞ ጠዋት

ድምፃችሁን አሳርፉ። የሁለት ቀን ልምምድ ያደከመው አውታር ሰኞ ላይ ስብሰባ መምራት አይፈልግም። ማክሰኞ የእሁዱን ቅጂ አንድ ጊዜ ስሙና ከየመዝሙሩ አንድ ቦታ፣ አንድ ብቻ፣ ምረጡ፤ እስከ ሐሙስ ያችን አርሙ። ካምፑ ላይ የተለወጠውን ትንፋሽና ቃል ላልመጡት የክፍላችሁ ሰዎች በድምፅ ቅጂ ላኩላቸው፤ አለዚያ ቀጣዩ ልምምድ ግማሹ በአዲሱ፣ ግማሹ በድሮው ይዘምራል።